የኤርባጉን መብራት አታስነቅዪባቸው (ከጅማ፣ ዴንቨር ላለችው እህታችን)

ሰላም ለሁላችሁ። ዴንቨር ያለሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ትናንት ሙሉ ቀን መብራትም ኔትዎርክም አልነበረንም። "አባቴ ጅማ ናቸው፣ የቶዮታ ያሪሳቸው የኤርባግ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል፣ ጋራዥ አምፖሏን እናውጣት አሏቸው፣ እሺ ይበሉ?" ነው ያልሽው። አይበሉ። ኤርባግ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከለው ከረጢት ነው፣ በመብራቷ አይቀለድም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

እኔ ከሜሪላንድ ጠቅልዬ ስገባ ኮሮላዬን ይዤ ነው የመጣሁት፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ሳይከለከል በፊት። በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከአጂፕ ወደ መርካቶ ስሄድ ያቺ ፊቷ ላይ ኳስ የተደቀነባት ሰውዬ ምልክት ቦግ አለች። ቅርብ ያገኘሁት ጋራዥ ገባሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና "ጋሼ፣ ለዚች ነው እንዴ የሚጨነቁት? አምፖሏን ልንቀልልዎት፣ በአስር ደቂቃ ይገላገላሉ" አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም፣ ስንቱን መኪና እንደዚያ ሸኝቶታል። እውነት ለመናገር እኔም ስንፍና ያዘኝና መብራቷ እንደበራች ሁለት ጊዜ የጊቤን ቁልቁለት ወርጄ አዲስ አበባ ደርሼ ተመልሻለሁ። ዛሬ ሳስበው ራሴን እታዘበዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉን ስትከፍቺ መብራቷ 6 ሰከንድ ያህል በርታ ትጠፋለች። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ መስመሮቹን እየፈተሸ ነው። ሳትጠፋ ከቀረች አንድ ቦታ ያልተመቸው ነገር አግኝቷል ማለት ነው፣ እና በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይወጣ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ፣ በግጭት ሰዓት ቀበቶውን ሳብ አድርጎ የሚወጥረው ነገርም እዚሁ መስመር ላይ ነው ያለው። ስለዚህ መብራቷ የኤርባግ ብቻ ሳትሆን የቀበቶም ናት። አምፖሏን ስትነቅዪ የምታጠፊው ወሬውን ነው እንጂ ብልሽቱ እዚያው ቁጭ ብሏል።

በነገራችን ላይ እዚህ ያገለገለ መኪና ለቤተሰብ የምትገዙ ሰዎች፣ ቁልፉ ሲከፈት ያቺ መብራት ጭራሽ ካልበራች ጠርጥሩ። አንዳንዱ ከዘይት መብራቱ ጋር አገናኝቶ አብራ እንድትጠፋ ያደርጋታል። የባሰው ደግሞ የፈነዳውን ኤርባግ አውጥቶ በቦታው አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ይሰካና ኮምፒውተሩን ያታልለዋል። መሪው ላይ ያለው ሽፋን አዲስ ሆኖ ዳሽቦርዱ ያረጀ ከመሰላችሁ ጠይቁ፣ ደፍራችሁ ጠይቁ።

ወደ እኔ ልመለስ። በመጨረሻ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። ይሄኛው አልቸኮለም። በኮምፒውተር አየው፣ የብልሽቱ ኮድ የተሳፋሪውን ወንበር አለ። የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታና ቁጭ አለ። "ምን ትጠብቃለህ?" ስለው "ሁለት ደቂቃ ይታገሱኝ ጋሼ፣ ውስጡ የቀረ ኃይል አለ" አለኝ። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው። ምክንያቱም የቶዮታ መመሪያም ባትሪ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ነው የሚለው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንጋሎ በስልኩ መብራት ከወንበሩ ሥር ገባ። ቢጫዋን ሶኬት ስቦ አሳየኝ። ግማሽ ወጥታለች፣ አንዷ ጥርሷ አረንጓዴ ዝገት ይዟታል፣ ዙሪያዋን ደግሞ ጀንፈል! ለካ እህቴ ከገጠር የላከችው የቡና ጆንያ ከኋላ ተገፍቶ ሶኬቷን አንስቷታል፣ የክረምቱ ጭቃና እርጥበት ቀሪውን ጨርሷል። አጸዳ፣ ቀጭ አድርጎ ሰካ፣ ኮዱን አጠፋ። 800 ብር ከፈልኩ፣ የቡናውን ጆንያ ዳግመኛ ከወንበር ጀርባ አላስቀምጥም ብዬ ማልኩ። (አስቀምጫለሁ። ግን አሁን አስሬ ነው።)

የአባትሽም ቀላል ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ክላክሱ ይሠራል? መብራቷ ከበራች ወዲህ ክላክሱም አልሰማም ካለ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ መሪው ውስጥ ያለችው ጥቅልል ሽቦ ናት። መሪው በዞረ ቁጥር አብራ እየተጠቀለለችና እየተፈታች ትኖርና አንድ ቀን ትበጠሳለች። የደከመ ባትሪም አንዳንዴ ያበራታል። ብቻ ማንም ሰው ቴስተር ይዞ የኤርባጉን ሽቦ "ልለካው" እንዳይል አስጠንቅቂያቸው። የቴስተሩ ትንሽ ኃይል ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላል፣ እሱም የሚወጣው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳን አይጠብቅም።

"ዕቃውን ከዚህ ገዝቼ በሻንጣ ልላክ?" ላልሽው፣ ያቺን ጥቅልል ሽቦ በሻንጣ መላክ ይቻላል፣ ፈንጂ የላትም። ኤርባጉን ራሱን ግን በፍጹም። ውስጡ የሚፈነዳ ነገር ስላለው በአውሮፕላን አደገኛ ዕቃ ተብሎ ነው የሚመዘገበው፣ በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። አደራ፣ ለሰው ሻንጣ "ይቺን ብቻ ያዝልኝ" ብለሽ እንዳትሰጪ።

አሁን ዋናው። የአባትሽ ያሪስ የስንት ነው? ከ2006 እስከ 2012 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የተሠሩ ብዙ ያሪሶች፣ እንዲሁም ከ2003 እስከ 2013 የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች፣ የታካታ ኤርባግ ሪኮል (ጉድለት ያለበትን ዕቃ ፋብሪካው ሊያስተካክል መልሶ የሚጠራበት) ውስጥ አሉበት። ታካታ በ2017 የከሰረው የጃፓን ኩባንያ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን መንፊያዎቹ (ኤርባጉን የሚነፉት ዕቃዎች) ተጠርተዋል። መንፊያው ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ይበላሽና ሲፈነዳ የብረት ፍንጣሪ ይተፋል። ጅማ ደግሞ እርጥበት አይጎድለንም። እና ልብ በይ፣ ይሄ ችግር መብራቷን አያበራትም። ንጹሕ ዳሽቦርድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሊብሬውን ፎቶ አስነሺና የሻንሲ ቁጥሩን ተመልከቺ። 17 ፊደልና ቁጥር ከሆነና መኪናው የአሜሪካ ከሆነ፣ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብታስገቢው ወዲያው ይነግርሻል። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ (ያሪስ ጃፓን ውስጥ የሚጠራበት ስም) ከሆነ ቁጥሩ አጭር ነው፣ እሱን የጃፓን ቶዮታ ገጽ ነው የሚያየው። ሪኮል ካለበት ወረቀቱን ይዘው አዲስ አበባ የቶዮታን ወኪል ይጠይቁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያስመርራል፣ አውቃለሁ።

ሪኮልና ዋራንቲን (ዋስትናን) ግን አታምታቱ፣ እኔም አምታትቼ ነበር። ዋራንቲ ጊዜና ማይል አለው፣ ባሕር ሲሻገርም አብሮ አይመጣም። የአሜሪካ ቶዮታ ጠቅላላ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፣ የኤርባግና የቀበቶው ግን 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል። ይሄን ልዩነት የማያውቅ ሰው "3 ዓመት አልፎሃል" ሲሉት እሺ ብሎ ይከፍላል። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ላይ ሊደርስባት ነበር። ዲለሩ "ዘይት ውጭ ስላስቀየርሽ አይሸፈንም" አላት። እሷ ደግሞ የማትበገር ናት፣ "እምቢታችሁን በጽሑፍ ስጡኝ" አለች። ሰጪ ጠፋ፣ መኪናው በነጻ ተሠራ። ከ1975 ጀምሮ ያለው የዋስትና ሕግ ሰርቪስ ሌላ ቦታ በማድረግሽ ብቻ ዋስትናሽን አይነጥቅሽም። ደረሰኝ ግን አትጣሉ።

አሁን ከ2024 ወዲህ እንግዲህ ሁሉም ኤሌክትሪክ መኪና እያለ ነው፣ ለወላጅ የምትገዙም ብዙ ናችሁ። ሻጩ "ዋስትና አለው" ካለ የማን ዋስትና እንደሆነ፣ የት ከተማ እንደሚሠራ፣ ኤርባግና ቀበቶ ይገባ እንደሆነ ጻፉልኝ በሉት። የጅማ ሰው መኪናውን በጭነት መኪና አዲስ አበባ ማድረስ ካለበት ያ ወጪ የማን ነው? እኔ የማውቀው አንድ ጎረቤቴ ይሄን ሳይጠይቅ ገዝቶ ወረቀቱን አገላብጦ ቢያየው በቻይንኛ ነው፣ አሁንም ሳሎን ውስጥ በፍሬም ቢሰቅለው ይሻለዋል እላለሁ።

እህቴ፣ የሊብሬውንና የዳሽቦርዱን ፎቶ ካገኘሽ እዚሁ ለጥፊው። የኤሌክትሪሺያኑን አድራሻ በውስጥ እጽፍልሻለሁ፣ አባትሽ ጠዋት ቢሄዱ ጥሩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጀመረ እዚያ ሰፈር ጭቃው አያስገባም።