ኢንዛይም ሪአክሽን የሚያፈጥነው ኃይል እየሰጠ ነው እንዴ? እባካችሁ አስረዱኝ

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የባዮሎጂ ፈተና 5 ቀን ነው የቀረኝ እና አንድ ነገር ላይ ተቸክያለሁ። ባለፈው ቴስት «ኢንዛይም ሪአክሽን እንዴት ያፈጥናል» ሲል «ለሪአክሽኑ ኃይል ይሰጠዋል» ብዬ ጽፌ ዜሮ አገኘሁ፣ ደብተሬ ላይ ያለው ደግሞ «አክቲቬሽን ኢነርጂ ይቀንሳል፣ ራሱ አያልቅም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። መሸምደዱን እሸመድደዋለሁ ግን አልገባኝም። ኃይል ካልሰጠ በምንድነው የሚቀንሰው? የተቀነሰውስ የት ይሄዳል?

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢንዛይም ማለት ሴል ውስጥ ሪአክሽን የሚያፈጥን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን የሆነ ሞለኪውል ነው። መጀመሪያ አክቲቬሽን ኢነርጂ ምን እንደሆነ እንያዝ። ስኳር ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ብዙ ኃይል ይወጣዋል አይደል፣ ግን ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ስኳር አየር እየነካው ስንት ጊዜ ቢቀመጥ በራሱ አይቃጠልም፣ ምክንያቱም አዲሱ ቦንድ ከመፈጠሩ በፊት የድሮው መለጠጥና መላላት አለበት፣ እና እዛ መሃል ላይ ሞለኪውሉ ድሮውንም አይደለ አዲሱንም አይደለ፣ ለቅጽበት ብቻ የሚቆይ የተወጠረ ቅርጽ ይይዛል። እሱን ነው ትራንዚሽን ስቴት የሚሉት። እዛ ድረስ ለመውጣት የሚጠየቀው ኃይል ነው አክቲቬሽን ኢነርጂ። ሞለኪውሎቹ ደግሞ ይሄን የሚያገኙት በሙቀት ከመንቀሳቀስና ከመጋጨት ነው፣ ከኢንዛይሙ አይደለም። 37 ዲግሪ ላይ ያን ያህል ኃይል ይዞ የሚገኝ ሞለኪውል በጣም ጥቂት ነው፣ ኢንዛይም ሲኖር ግን የሚጠየቀው ስለሚያንስ ብዙዎቹ ያልፋሉ። ስለዚህ «የተቀነሰው የት ሄደ» ላልሽው የትም አልሄደም፣ ድሮውኑ አልተጠየቀም።

መልስ 2፦
እኔ ሁሌ የማስበው በመርፌና በክር ነው። መርፌና ክር አንድ ሳጥን ውስጥ ከተሽ ብትንጪው ክሩ አንድ ቀን በአጋጣሚ ቀዳዳው ውስጥ ሊገባ ይችል ይሆናል ግን ዕድሜሽን ይፈጃል። ሁለቱንም በትክክለኛው አቅጣጫ አቀራርቦ የሚይዝ ካለ ግን ወዲያው ነው። አክቲቭ ሳይት የሚባለው የኢንዛይሙ ጎድጓዳ ቦታ ሰብስትሬቶቹን፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚቀይራቸውን ሞለኪውሎች፣ እንደዛ ነው የሚይዛቸው። ቁልፍና ቁልፍ ማስገቢያ የሚባለው የኬሚስቱ የኤሚል ፊሸር ሐሳብም ይሄው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ያለው። ልክ እንደ ቁልፍ የሚገጥመው ሰብስትሬት ብቻ ይገባል፣ አለቀ።

መልስ 3፦
መልስ 2 የመርፌው ምሳሌ ደስ ይላል፣ ግን አለቀ ባትል ጥሩ ነበር፣ ሁለት ነገር ላርም። አንደኛ መርፌ የሚይዝ እጅ ጉልበት ያወጣል፣ ተማሪዋን ዜሮ ያሰጣት ደግሞ ይሄው አስተሳሰብ ነው። ሁለተኛ፣ ይሄ ዋናው ነው፣ ኢንዛይም ልክ እንደ ቁልፍ ለሰብስትሬቱ ፍጹም ቢገጥም ኖሮ ሪአክሽኑን ያዘገየው ነበር እንጂ አያፈጥነውም። እስቲ አስቢው፣ ሰብስትሬቱ ተመችቶት በደንብ ከተረጋጋ ከዛ ተነስቶ ትራንዚሽን ስቴት ጋ ለመድረስ የበለጠ ኃይል ነው የሚፈልገው። ኢንዛይም ከሁሉም በላይ አጥብቆ የሚገጥመው መሃል ላይ ላለው ለተወጠረው ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኬሚስቱ ሊነስ ፖሊንግ ያለው ይሄንን ነው። ባዮኬሚስቱ ዳንኤል ኮሽላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ኢንዛይሙ ራሱም ሰብስትሬቱ ሲገባ ቅርጹን እንደሚቀይር አስረዳ።

አሁን «በምንድነው የሚቀንሰው» ወዳልሽው ስንመጣ፣ ሞለኪውሉ ሲወጠር ከአክቲቭ ሳይቱ አሚኖ አሲዶች ጋር ብዙ ትናንሽ ደካማ መሳሳቦች ይፈጠራሉ፣ የሃይድሮጅን ቦንድ፣ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ቻርጅ መሳሳብ። ቦንድ ሲፈጠር ኃይል ይወጣል አይደል፣ ያ የሚወጣው ነው የመወጠሩን ወጪ የሚሸፍነው። ፕሮዳክቱ፣ ማለትም ከሪአክሽኑ የሚገኘው አዲሱ ሞለኪውል፣ ተላቆ ሲወጣ ኢንዛይሙ እንደነበረው ይሆናል። ኢንፍሉዌንዛን ለማከም የሚሰጠው ኦሴልታሚቪር የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፣ የቫይረሱን ኢንዛይም ትራንዚሽን ስቴት መስሎ ይገባና አክቲቭ ሳይቱን ይይዘዋል።

መልስ 4፦
መጠኑን ካላየሽው ነገሩ አይከብድሽም ብዬ ነው። 37 ዲግሪ ላይ አክቲቬሽን ኢነርጂ ወደ 6 ኪሎጁል በሞል ሲቀንስ ሪአክሽኑ 10 እጥፍ ይፈጥናል፣ 12 ሲቀንስ 100 እጥፍ፣ እንደዛ እያለ ይባዛል። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባለው ኢንዛይም አንዱ ሞለኪውል ብቻውን በሰከንድ እስከ 1 ሚሊዮን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይራል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ለዲኤንኤና ለአርኤንኤ የሚሆን ጥሬ ዕቃ የሚያዘጋጀው ኦኤምፒ ዲካርቦክሲሌዝ ነው። ያለ እሱ የሰብስትሬቱ ግማሽ እስኪቀየር 78 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅ ነበር፣ በእሱ ግን ከሰከንድ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው። ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

ተማሪዋ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን በራልኝ! ግን እንደዛ ከሆነ ኢንዛይም እስካለ ድረስ ማንኛውም ሪአክሽን ይሄዳል ማለት ነው? ሌላ ደግሞ ዋናው መፍጠን ከሆነ ሰውነታችን ለምን ሙቀቱን ብቻ አይጨምርም?

መልስ 3፦
ሁለተኛው ይቅደም። ሙቀት አይመርጥም፣ የምትፈልጊውንም የማትፈልጊውንም አብሮ ነው የሚያፈጥነው፣ ከዛ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ራሳቸው ተተርትረው ዲናቸር ያደርጋሉ።

ለመጀመሪያው መልሱ አይደለም ነው። ኢንዛይም ወደፊት የሚሄደውንም ወደኋላ የሚመለሰውንም እኩል ያፈጥናል፣ ስለዚህ ኢኩሊብሪየሙን፣ ማለትም የሁለቱ አቅጣጫ ፍጥነት እኩል የሚሆንበትን ሚዛን፣ አይነካውም፣ ቶሎ ያደርሰዋል እንጂ። ኃይል የሚጠይቅ ሪአክሽን ከሆነ ከሌላ ኃይል ከሚሰጥ ጋር ማጣመር አለበት። ለምሳሌ ግሉኮስ ላይ ፎስፌት መለጠፍ በስታንዳርድ ሁኔታ 13.8 ኪሎጁል ይጠይቃል፣ የሴል ኃይል ተሸካሚው ሞለኪውል ኤቲፒ ሲሰበር ደግሞ 30.5 ይወጣል፣ ሄክሶካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ሁለቱን ያያይዛቸውና በድምሩ 16.7 የሚወጣበት ይሆናል። ኃይሉን የከፈለው ኤቲፒው ነው፣ ኢንዛይሙ አይደለም።

ተማሪዋ፦
ገባኝ ገባኝ። የሪአክሽኑን የኃይል ግራፍ ሳሉ ከተባልንስ?

መልስ 1፦
ሁለቱን መስመሮች፣ ኢንዛይም ያለበትንና የሌለበትን፣ ከአንድ ቦታ አስነሺና አንድ ቦታ ላይ አሳርፊያቸው፣ የሚለያዩት መሃል ላይ ባለው ጉብታ ከፍታ ብቻ ነው፣ የኢንዛይሙ ዝቅ ይላል። የሰብስትሬቱን መነሻ ወይም የፕሮዳክቱን መጨረሻ ዝቅ አድርገሽ ከሳልሽ ግን ያው የድሮውን ስህተት በሥዕል ደገምሽው ማለት ነው፣ እሱን ተጠንቀቂ።