ብዙ ሰው በጥቂቱ ወይስ ጥቂት ሰው በጥልቀት? የአይቲ ባለሙያን ስለማፍራት የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
የመከራከሪያው ሐሳብ ይህ ነው። የአይቲ ባለሙያ እጥረት ያለበት ታዳጊ አገር ውስኑን የሥልጠና በጀት በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች በሚሰጥ አጭር የኦንላይን ኮርስ ላይ ያውለው ወይስ ጥቂት ሺህ ሰዎችን በአካል ለወራት በማሠልጠን ላይ? አቋማችሁን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ንገሩን።

የኔትወርክ አሰልጣኝ፦
እኔ በአካል ለሚሰጠው ነኝ። ምክንያቴን በአንድ የኔትወርክ ኬብል ላስረዳ። ጀማሪ ሰልጣኝ ስምንቱን ሽቦ ጥንድ በጥንድ ጎን ለጎን ይደረድራል፦ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ቡናማው። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ ያደርግና ማያያዣው ውስጥ አስገብቶ ይጨምቀዋል (ክሪምፕ ያደርገዋል)። ርካሹ የኬብል መፈተሻ (ቴስተር) ከ1 እስከ 8 በተራ ያበራል፤ ኬብሉ አለፈ ማለት ነው። ግን በማያያዣው 3ኛውና 6ኛው ፒን (የሽቦ መግቢያ) ላይ መግባት የነበረባቸው አብረው የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። እዚህ አንዱ ከአረንጓዴው ጥንድ፣ ሌላው ከሰማያዊው መጣ። መጠማዘዙ የሚሰጠው መከላከያ ስለጠፋ ሲግናሉ ይረበሻል። በ2 ሜትር ኬብል ላይታወቅ ይችላል፤ ርዝመቱ ወደ 60 ሜትር ሲጠጋ ግን ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) መጣል ይጀምራል፣ ሰውም ሰርቨሩን ሲወቅስ ይውላል። ሲሙሌተር (ኔትወርክን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ኬብል እንዲህ አይበላሽም። ይህን የሚያየው አጠገቡ የቆመ አሰልጣኝ ነው።

ለ24 ሰልጣኞች የሚያስፈልገውም የሚያስፈራ አይደለም። ሦስት ሦስት ሆነው 8 ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን 2 ራውተርና 2 ስዊች (ኔትወርክን የሚያገናኙ መሣሪያዎች)፤ በድምሩ 16 ራውተርና 16 ስዊች። ያገለገለ ዕቃ ይበቃል፣ መሠረታዊ ትእዛዞቹ ብዙም አልተለወጡም። በአንድ ራውተር ላይ ስድስት ሰው ከተሰበሰበ ግን ሁለቱ ይሠራሉ፣ አራቱ ያያሉ፤ የፈተና ቀን ያየው ሰው የሠራ ይመስላል።

የኦንላይን ሥልጠና አስተባባሪ፦
ወንድሜ፣ ኬብሉ ላይ ትክክል ነህ። ነገር ግን አገር የሚያስፈልጋት የኔትወርክ ባለሙያ ብቻ አይደለም። መዝገቡን በስፕሬድሺት በትክክል የሚይዝ፣ ባክአፑ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) መመለስ መቻሉን የሚፈትሽ፣ የማጭበርበሪያ ኢሜይል የሚለይ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ ካልኖረ አንተ የምታፈራቸው ባለሙያዎች ዕድሜያቸውን የይለፍ ቃል ሲቀይሩ ይጨርሱታል።

ሁለተኛ፣ ችሎታው ያለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በዲግሪ ውጤት ከመረጣችሁ የምትወስዱት ጥሩ ትምህርት ቤት አጠገብ የተወለደውን ነው። ሰፊው ኮርስ ወንፊት ነው፤ ከዋና ከተማ የራቀውን፣ ልጅ የምታሳድገውን እናት፣ ቀን ሥራ የሚውለውን ሁሉ ያስገባል። ደግሞም ሁለቱ የማይታረቁ አይደሉም። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው የጋራ የኮርስ ይዘት ለየአገሩ አሰልጣኞች በመስጠት ነው።

የሶፍትዌር ቡድን መሪ፦
እህቴ፣ ወንፊቱን እቀበላለሁ። ጥያቄዬ ቀዳዳው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ያለ ክትትል የሚሰጥ ነፃ ኮርስ የሚጨርሱት ከጀመሩት ጥቂቶቹ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ከጨረሱትም ውስጥ የምርጫ ጥያቄውን መልስ ከጓደኛ የወሰደ አለ። ሰርተፊኬቱ ሁለቱን አይለይም። የሚለየው እንዲህ ያለ ፈተና ነው፦ ትንሽ ፕሮጀክት ስጡት፣ ኮዱን የሚፈትሽ አንድ ቴስት ውስጡ ይውደቅ፣ ለማስተካከል 3 ሰዓት ይኑረው፣ ሲጨርስ 10 ደቂቃ በቃል ያስረዳ። ያልሠራው ሰው "ይህን መስመር ለምን ቀየርከው?" ሲባል ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ማነቆ ልምጣ፤ እሱም የአሰልጣኝ ሰዓት ነው። ኮድ መጻፍ የሚለመደው ሌላ ሰው አንብቦት ሲያርመው ነው። አንድ አሰልጣኝ 20 ሰልጣኝ ቢኖረው፣ እያንዳንዱ በቀን አንድ ፑል ሪኩዌስት (ይታይልኝ ብሎ የሚያቀርበው የኮድ ለውጥ) ቢልክና ማንበቡ 20 ደቂቃ ቢወስድ 400 ደቂቃ ይሆናል፤ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ማስተማሪያ ሰዓት አልቀረም ማለት ነው። ሰልጣኙን 40 ስታደርጉት አሰልጣኙ ሳያነብ "ጥሩ ነው" ማለት ይጀምራል። ሥልጠና የሚሞተው እዚህ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን አይታይም።

መውጫው በቅደም ተከተል ማጣራት ነው። ቅርጹንና ቴስቱን ማሽን ይፈትሽ፤ ያላለፈ ኮድ ሰው ጋር አይድረስ። ቀጥሎ ሁለት ሰልጣኞች ይተራረሙ። አሰልጣኙ በሳምንት ከእያንዳንዱ ሁለት ብቻ በጥልቀት ያንብብ። ለ20 ሰው 40 ንባብ በ20 ደቂቃ 13 ሰዓት ተኩል አይሞላም። ይህ ይቻላል። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው ትምህርት ቤት 42 መምህር የሌለው፣ ሰልጣኞች እርስ በርስ የሚተራረሙበት ነው። እኔ ግን መምህሩን ሙሉ በሙሉ ማስቀረቱን አልደግፍም፤ ሁለት ጀማሪዎች አንድ ዓይነት ስህተት ሲያጸድቁ የሚያቆማቸው የለምና።

የሥራ ገበያ ባለሙያ፦
ሁላችሁም ስለ አቅርቦት ነው የምታወሩት። ማን ይቀጥራቸዋል? ፕሮግራመሮችን ለደንበኛ ኩባንያዎች የሚያቀርበው አንዴላ እ.ኤ.አ. በ2014 በናይጄሪያ ሲጀምር በጥብቅ ምርጫና በረጅም ሥልጠና ይታወቅ ነበር፤ የቡድን መሪው የሚፈልገው ዓይነት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን በናይጄሪያ፣ በኡጋንዳና በኬንያ ወደ 400 የሚጠጉ ጀማሪ ፕሮግራመሮቹ ሥራቸውን አጡ፤ ደንበኞቹ የሚፈልጉት ልምድ ያላቸውን ነበር። ልጆቹ አልሰነፉም። ጎዶሎው የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሥራ ዓመታት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የትኛውም ኮርስ አይሰጥም።

የሕንዱን የሶፍትዌር ኩባንያ ኢንፎሲስን ተመልከቱ። በማይሶር ካምፓሱ አዲስ ተመራቂዎችን ፕሮጀክት ላይ ከመመደቡ በፊት ለወራት ያሠለጥናል፤ የሚያሠለጥነው ግን የቀጠራቸውን ነው። መንግሥት ያን ያህል ኩባንያ ባይኖረው እንኳ ትልቅ ገዢ ነው። ሶፍትዌር ሲያሠራ ውሉ ላይ "በየአራት ባለሙያው አንድ ጀማሪ ይመደብ፣ ሥራውም በስሙ ይመዝገብ" ብሎ ቢጽፍ የመጀመሪያው ልምድ ከዚያ ይገኛል።

የኦንላይን ሥልጠና አስተባባሪ፦
የአሰልጣኙን ሰዓት ስሌት ተቀብያለሁ፤ መከላከል አልችልም። እንግዲያው ሐሳቤን ላስተካክል፦ ሰፊው ኮርስ 6 ሳምንት፣ መጨረሻው ላይ የተባለው የቃል ፈተና፣ ያለፉት በአካል ወደሚሰጥ የ9 ወር ሥልጠና ይግቡ። ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የመረጃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ለተመራቂዎች የ9 ወር ሥልጠና ይሰጣል፤ ርዝመቱ እንግዳ አይደለም።

ስለ ኮኔክሽን ግን ማንም አላነሳም። 25 ሰልጣኞች እያንዳንዳቸው 500 ሜጋባይት የሶፍትዌር ጥቅል ቢያወርዱ 12.5 ጊጋባይት ነው፤ ጠዋቱ በመጠበቅ ያልቃል። አንድ ሰው አንዴ አውርዶ ክፍሉ ውስጥ ባለ ትንሽ ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጠው ሌሎቹ ከዚያው ይወስዳሉ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራ አይቆምም። ለአሮጌ ላፕቶፕም አዲስ ከመግዛት በፊት ሃርድ ዲስኩን በፈጣኑ ማከማቻ በኤስኤስዲ መቀየርና ራሙን (የሥራ ማህደረ ትውስታውን) 8 ጊጋባይት ማድረስ ይሞከር።

የኔትወርክ አሰልጣኝ፦
በዚህ ከተስማማን ለመግቢያው የቃል ፈተና አንድ ጥያቄ ላዋጣ። የኮምፒውተሩ አድራሻ 192.168.10.70፣ ማስኩ (የኔትወርኩን ክፍል ወሰን የሚያሳየው) 26 ቢት፣ ጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያወጣው በር) 192.168.10.1። አጠገቡ ካሉት ጋር ይገናኛል፣ ወደ ውጭ አይወጣም። ለምን? ባለ 26 ቢት ማስክ 64 አድራሻ ነው የሚይዘው፣ 62ቱ ለመሣሪያ። .70 ያለው ከ64 እስከ 127 ባለው ክፍል ነው፣ ጌትዌዩ ግን ከ0 እስከ 63 ባለው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ አይደርስበትም። ሰንጠረዥ የሸመደደ ቁጥሩን ይነግራችኋል፤ የገባው ግን ምክንያቱን።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ በሁለት ዓመት ውስጥ ለተሻለ ደመወዝ ይሄዳል። ሰልጣኙን እንዳይሄድ በውል ማሰር የሚሉ አሉ፤ አሰልጣኙንስ?

የሶፍትዌር ቡድን መሪ፦
ማሰር ላይ አልስማማም። የታሰረ ሰው ቀኑን ይቆጥራል እንጂ አያስተምርም። 6 ወር ሥራ ላይ፣ 6 ወር ክፍል ውስጥ ይፈራረቅ፤ ክፍል ውስጥ ሲሆንም ደመወዙ አይቀነስ። ያኔ የሚያስተምረው ባለፈው ወር የሠራውን ይሆናል።

የሥራ ገበያ ባለሙያ፦
ያንን 6 ወር የሚከፍለው ማን ነው? አሠሪው ከሆነ አይለቀውም፤ መንግሥት ከሆነ የደመወዝ እርከኑ አይፈቅድለትም። ከኮርሱ ይዘት በፊት የሚያስፈልገው ይህን እርከን መክፈት ነው።