በትንፋሽ የሚባለውን «አዎ» እንዴት ትተረጉሙታላችሁ?

አስተርጓሚዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሲያትል ነው የምኖረው፤ ለሐበሻ ሕሙማን አስተረጉማለሁ። በቀደም ለአንዲት ትልቅ እናት ሳስተረጉም ሐኪሟ «መድኃኒቱን ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ?» አለቻቸው። እማማ ቅንድባቸውን ከፍ፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። «አዎ» ማለታቸው ነው። ሐኪሟ ደነገጠች። ደግማ ጠየቀች፤ እሳቸውም ደግመው ሳቡ። ይሄኔ ጥያቄውን ትታ የኦክስጅን መለኪያውን ጣታቸው ላይ ሰካች! «ኧረ ደህና ናቸው፣ አዎ እያሉሽ ነው» እስክላት እማማም ግራ ገባቸው።

ይሄስ ቀላል ነው። የከበደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። «ሕመሙ ቀለል አለልዎ?» ሲባሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው «አይይ…» አሉ። «አልቀለለኝም» ብዬ ተርጉሜ አለፍኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ «አይ» የእምቢታው «አይ» አልነበረም። «ምኑን ጠየቅሽኝ ልጄ» የሚለው ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ድሮ ስናስተምር ቃለ አጋኖ ከስምንቱ የንግግር ክፍሎች መጨረሻ ላይ ነበር የምትመጣው። «እሰይ፣ ወዮ፣ ወይ ጉድ» ብለን በአንድ ክፍለ ጊዜ እንጨርሳታለን። የትንፋሿ «አዎ» አንድም ቀን ተነስታ አታውቅም። ልጻፋት ብትይም እሺ አትልም፤ ፊደሎቻችን የሚነገሩት በሚወጣ አየር ነው፣ እሷ ደግሞ በሚገባ አየር። በሰሜን ስዊድንም ሰው አየር ስቦ «አዎ» ይላል፤ ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው።

የ«አይ» ነገር አይግረምሽ። «አቤት»ን እስቲ እዪ። ታላቅሽ ሲጠራሽ «አቤት» ትያለሽ፤ ለእኩያሽ «ወዬ» ይበቃል። «አቤት ውበት!» ስትዪ አድናቆት ነው። የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት «አቤት!» ይላል፤ ቢሮ የምናስገባው አቤቱታም ከዚያው ቤት ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው ማን ለማን፣ በምን ድምፅ እንዳለው ነው።

የድሬ ልጅ፦
እኛ ጋ «አቦ» አለችልሽ። «አቦ ተወኝ!» ምሬት ነው። «አቦ ይመችህ!» ምርቃት ነው። ዜማዋን ያልሰማ ሰው እንዴት ብሎ ይለያታል? እህቴ፣ ዜማውን ተርጉሚላቸው።

ነርሷ ከአዲስ አበባ፦
እንዲህ ያለ «አይ» ስሰማ መዝገቡን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። «ምነው እናቴ?» ካልኩ በኋላ ዝም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሕመሙ ሌላ ነገር ነው፦ የሞተ ልጅ፣ ያለቀ ገንዘብ፣ ብቻ መዋል። ከንፈር መጠጥ አድርጌ ብሄድ ኖሮ ይሄን አልሰማም ነበር። አስተርጓሚ ግን ከራሱ መጨመር የለበትም። ለሐኪሟ ንገሪያትና እሷ ትጠይቃቸው።

አስተርጓሚዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ነርሷ። ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሟን ዛሬ አግኝቻት «ይሄ ድምፅ ከአልቀለለኝም በላይ ነው፣ ያስጨነቃቸው ነገር ካለ ጠይቂያቸው» አልኳት። ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ እንደምትጠይቃቸው ነገረችኝ። የትንፋሿን «አዎ»ም አሳየኋት። በሦስተኛው ሙከራ ቅንድቧን ሳትረሳ አወጣችው።