«እኮ» በትግርኛ ምን ይባላል? የማነጻጸሪያ ዘዴ

ጥያቄ፦ «እኮ»ንና «-ማ»ን ከትግርኛ አቻዎቻቸው ጋር ማነጻጸር እፈልጋለሁ። ቋንቋዎችን ለማነጻጸር በሚያገለግለው የስዋዴሽ የመሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም። በምን ልጀምር?

መልስ 1፦ ዝርዝሩን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የ100 ቃላት ዝርዝር የተሠራው የቋንቋዎችን ዝምድና ለመለካት ነው፤ «ውሃ»፣ «ዓይን»፣ «ሁለት» የመሳሰሉትን ይዟል። «እኮ» ግን ትርጉሙ የተንጠለጠለው ከፊቱ በተባለው ላይ ነው። «ድልድይ የለም» ላለህ ሰው «አለ እኮ!» ስትለው መኖሩን ብቻ አይደለም የምትነግረው፤ ግምቱን እንዲያርም ነው የምትወተውተው። «እኮ»ን አውጥተህ አንብበው፤ ዜናው ይቀራል፣ ሙግቱ ይጠፋል። ይህን የማውጣት ፈተና በሁለቱም ቋንቋ በእያንዳንዱ ምሳሌ ላይ አድርግ።

መልስ 2፦ አንድ ለአንድ አቻ አትፈልግ። «እሱማ መጥቷል» በትግርኛ «ንሱ ደኣ መጺኡ» ሊባል ይችላል። «መን ደኣ መጺኡ፧» ሲባል ግን ያው «ደኣ» ወደ «ታዲያ» ይጠጋል፤ እዚህ «-ማ» አይገባም። ስለዚህ ሠንጠረዥህ የሚጀምረው ከቃሉ ሳይሆን ከሥራው ይሁን፦ መቃወም፣ ማስታወስ፣ ከሌላው መለየት፣ መገፋፋት።

ጥያቄ፦ መረጃውንስ ከየት ላምጣ? መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ቋንቋ አለ።

መልስ 1፦ የተተረጎመ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ አደገኛ ነው፤ የምንጩን ቋንቋ አካሄድ ይዞ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራው፣ ስድስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውና ንግግር የሌለበት፣ ተመልካቹ አይቶ ታሪኩን በራሱ ቃል የሚተርከው የፒር ፊልም ለትረካ ግሩም ነው፤ ሆኖም ተራኪውን የሚሞግተው ስለሌለ «እኮ» እምብዛም አይወጣም። የኤድንብራና የግላስጎው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት የካርታ ሥራ እጅግ ይሻላል። ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ካርታ ይይዛሉ፤ አንዱ የሌላውን አያይም። አንደኛው መንገዱን እየተናገረ ሌላው ይሥላል። ካርታዎቹ ሆን ተብሎ በጥቂት ምልክቶች ይለያያሉ፤ ክርክሩ የሚነሳውም እዚያ ነው።

መልስ 2፦ የቀዳኸውን ንግግር ስትጽፍ «እኮ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቆርጠህ አትውሰድ። የቀደመውን ተናጋሪ ቃልና የተከተለውን ምላሽ በአንድ ረድፍ አስፍር። ቦታውንም ለይ፦ «እኮ ለምን?» መልስ መወትወት ነው፣ «ነግሬሃለሁ እኮ» ማስታወስ ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ከቆጠርክ ንጽጽሩ ከመነሻው ይበላሻል። ተናጋሪዎቹ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነም ለብቻ መዝግብ፤ የአንዱ ልማድ ወደ ሌላው ይሻገራል።