ውሻውን ሳያስር «ግቡና ሥሩ» የሚል ደንበኛ፤ ምን ይደረጋል?

ቧንቧ_ለገጣፎ
ሰላም ለሁላችሁ። የሳኒተሪ ሥራ ነው የምሠራው። ለገጣፎ አንድ ቪላ ይዣለሁ፤ ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ሮቶ ድረስ አዲስ የፒፒአር (በሙቀት የሚጣበቅ የፕላስቲክ ቧንቧ) መስመር፣ 30 ሜትር አካባቢ ቦይ ቁፋሮ፣ በመጨረሻ ፓምፕ መግጠም። ችግሩ የግቢው ውሻ ነው። ቀን ይታሰራል ተብሎ ነበር፣ ግን እንደ ልቡ ይዞራል። ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ስደውል «ኧረ አይናከስም፣ ዝም ብላችሁ ሥሩ» ይሉኛል። ቤት ያለችው ሠራተኛ ራሷ ትፈራዋለች፣ ዘበኛው ደግሞ የሌሊት ብቻ ነው። ረዳቴ ቦይ ውስጥ ሲያጎነብስ ከኋላው እየመጣ ያጉረመርማል። ቅድመ ክፍያ ወስጃለሁ። ሥራ ማቆም እችላለሁ? ሰውየውን ሳላስቀይም እንዴት ልንገራቸው? ቢነክስስ ወጪው የማን ነው?

ኤሌክትሪክ_ሱሉልታ
ወንድሜ፣ ቅድመ ክፍያ መውሰድህ ውሻ ያለበት ግቢ ውስጥ አያስገድድህም። ዛሬውኑ አቁም፣ ግን ሳትኮራረፍ። በአንተና በውሻው መካከል የተቆለፈ በር እስኪኖር ድረስ መሣሪያ ከመኪና አይውረድ።

በጣም ያሳሰበኝ የቦዩ ነገር ነው። 50 ሳንቲም የወረደ ቦይ ውስጥ ተንበርክከህ ስትሠራ ፊትህና አንገትህ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ይሆናል። በዚያ ላይ እጅህ 260 ዲግሪ የጋለ የፒፒአር ማሽን ይዟል። ቧንቧውን ፊቲንጉ ውስጥ ከከተትክ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ሳታዞረው መያዝ አለብህ፤ በዚያች ቅጽበት ብትደነግጥ ወይ ትቃጠላለህ፣ ወይ መገጣጠሚያው ተጣሞ ይቀዘቅዝና አፈር ከተመለሰ በኋላ ያፈሳል። ስለዚህ ጉዳዩ የፍርሃት ብቻ ሳይሆን የሥራው ጥራትም ነው። ለደንበኛው እንዲህ ስትለው ቶሎ ይገባዋል።

ግራይንደርና ድሪል ሲጮህ ጭምት የሚባለው ውሻም ይለወጣል። መሰላል፣ አጣና፣ 4 ሜትር ቧንቧ ተሸክሞ መግባትም እንደዚያው ነው፤ ለእሱ የሚወዛወዝ ረጅም ነገር ዱላ ነው።

ለባለቤቱ ስትደውል ስለ ውሻው ጠባይ አትከራከር፤ ማንም ስለ ውሻው ክፉ መስማት አይወድም። እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ውሻዎ ጥሩ ጠባቂ ነው፣ እኛን ባዕድ መሆናችንን አውቆ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍል ውስጥ ይዘጋልን፣ ሥራው በቀኑ ያልቃል። አለበለዚያ የረዳቶቹ የቀን ሒሳብ እየቆጠረ ነው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የምትሠራው። ያንኑ በቴሌግራም ጽፈህ ላክላቸው፣ ውሻው ተፈትቶ የሚታይበትን ፎቶም ጨምር፤ በኋላ «አልተነገረኝም» እንዳይመጣ።

ሰላም_ሰበታ
እኔ የምለው፣ ይሄን ያህል ማክበድ ምንድን ነው? ሥጋ ቤት አጥንት ለምናችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ በሁለት ቀን ይለምዳችኋል።

ኤሌክትሪክ_ሱሉልታ
ሰላም፣ ይሄንን ማንም እንዳያደርገው። አንደኛ፣ አጥንት የሰጠኸው ውሻ ከአጥንቱ አጠገብ ማንንም አያስጠጋም፤ ረዳቱ ሳያውቅ ቢያልፍ ይነከሳል። ሁለተኛውን የከተማ ዳር ሰው በደንብ ያውቀዋል፦ ሌባ ግቢ ከመግባቱ በፊት ውሻ በመርዝ ይገድላል። አንተ ምግብ በሰጠህ ሳምንት ውሻው ቢታመም ወይም ግቢው ቢሰረቅ መጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ምንም አትስጡት። ውኃ እንኳን የቤቱ ሰው ይስጠው።

የእንስሳት_ጤና_ቡራዩ
በእንስሳት ጤና በኩል የምጨምረው አለ።

የታሰረ ውሻ ሁሉ ያስተማምናል ማለት አይደለም፤ መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ ከተፈታው የባሰ ሊናከስ ይችላል። ሰንሰለቱ 3 ሜትር ከሆነ የሚደርስበት የራሱ ቁመት ተጨምሮበት 4 ሜትር ነው፤ 5 ሜትር ራቁና ዳሩን በኖራ አስምሩበት። የታሰረበትን ነገርም እዩ። አንገት ማሰሪያው ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፤ ከላላ ወደ ኋላ ሲጎትት በጆሮው በኩል ሾልኮ ይወጣል። የሰንሰለቱ መያዣ ዝጎ እንደሆነ፣ ችካሉ በዝናብ በራሰ አፈር ላይ የቆመ እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ከውኃ ቧንቧ ወይም ከአሸንዳ ጋር ነው፤ የእናንተ ሥራ ደግሞ ያንኑ ቧንቧ መቁረጥ ነው!

ማሰርም መዝጋትም ውሻው የሚያውቀው ሰው ሥራ ነው። ሠራተኛዋ የምትፈራ ከሆነ አንገቱን ያዢልን ብላችሁ አታስገድዷት፤ መጀመሪያ የምትጎዳው እሷ ናት። ዘበኛው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከመሄዱ በፊት ዘግቶት ይሂድ፣ ቁልፉን ለእሷ ይስጥ። ከዚያ እናንተ ለምሳ ስትወጡ ብቻ ይከፈታል፣ ያውም እናንተ ከበር ውጭ ከሆናችሁ በኋላ። የሚዘጋበት ክፍል ውኃና ጥላ ይኑረው። ቀኑን ሙሉ በቆርቆሮ ክፍል በሙቀት የታፈነ ውሻ ማታ ሲወጣ አይቻልም።

ድንገት ከመጣባችሁ አትሩጡ። ጎን ስጡት እንጂ ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ዓይኑን አትዩ፣ እጃችሁን አታወናጭፉ። በመካከል የሚገባ ነገር ያዙ፦ ባልዲ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ የአንድ ጎማ ጋሪ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ በሩ አፈግፍጉ። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ለመንገድ ውሻ ይሠራል፤ የራሱን ግቢ ለሚጠብቅ ግን ጠብ መጫር ነው፣ ፊታችሁንም ወደ እሱ ታወርዱታላችሁ። ከጣላችሁ ተጠቅለሉና እጃችሁን ከማጅራታችሁ ላይ ቆልፉ፣ ክንዳችሁ ጆሮና ፊት ይሸፍን።

ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ደግሞ ከሁሉ በፊት ውኃና ሳሙና። ወራጅ ውኃ እየለቀቃችሁ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ አብዛኛው ሰው አንድ ደቂቃ ታጥቦ «አጥቤዋለሁ» ይላል። ከዚያ ቤታዲን። ቡና፣ ፌጦ፣ ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚባል ነገር ቁስሉ ላይ አይደረግም። ቁስሉ ወዲያው በክር ተሰፍቶ እንዲዘጋ አትጠይቁ፤ የማያስፈልግ ከሆነ ክፍት ይተዋል። በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ጀምሩ፤ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይቀጥላል፣ በአምስት መርፌ የሚሰጥ ከሆነ በ28ኛውም ቀን አለ። ድሮ ሆድ ላይ የሚወጋው ቀርቶ ይሄኛው ክንድ ላይ ነው፣ ለዚህ ብሎ የሚሸሽ አይኑር። ቁስሉ ደም ካወጣ ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሙኖግሎቡሊን የሚባል (ቫይረሱን ወዲያው የሚከላከል ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል) አለ፤ ጠይቁ። የቴታነስም እንዳይረሳ። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ ክትባቱን ግን አያቋርጥ፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ስለሆነ «አንድ ሳምንት አለፈኝ፣ ድኛለሁ» ማለት ሞኝነት ነው።

ውሻውን በንዴት አትግደሉት፣ እንዳይገደልም ለምኑ። ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል። በ10ኛው ቀን በልቶ ጠጥቶ ጤነኛ ከሆነ በነከሰ ጊዜ በምራቁ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፣ ቀሪውን መርፌ ማቆም አለማቆሙን ሐኪሙ ይወስናል። ከሞተ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ የሚመረመረው አንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ መቀጥቀጥ የለበትም፤ ምርመራው በተለምዶ ፓስተር በምንለው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደረጋል። የክትባት ደብተሩንም ጠይቁ፤ ውሻ በ3 ወሩ ተከትቦ በየዓመቱ ይደገምለታል። ደብተር አለ ብላችሁ ግን ሕክምናውን አትተዉ። በተለይ በእኛ አቅጣጫ ሌሊት ከጅብና ከመንገድ ውሻ ጋር በአጥር ሥር የሚናከስ ስለሆነ።

ቧንቧ_ለገጣፎ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቱን በተባለው መንገድ አነጋገርኳቸው፣ ለስላሳ ሆነዋል። ነገር ግን የውሻ ቤቱ በር የለውም፣ ሰርቪስ ቤቱ ዕቃ ሞልቶበታል። በቪላውና በአጥሩ መካከል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ዘግተን ከኋላ ብናስቀረውስ? ስፋቱ 2 ሜትር አይሞላም። የሕጉንም ነገር የሚያውቅ ካለ።

አናጺ_ሰንዳፋ
ይቻላል፣ የግማሽ ቀን ሥራም አይሆንም። ሽቦ ግን አትጠቀም፤ እያያችሁ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ይዘላል። ቆርቆሮ ዓይኑን ስለሚጋርደው ቶሎ ይረጋጋል።

ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ 3 ቁም አድርገህ ጫፋቸውን ካደራረብክ ስፋቱን ይሸፍናል። 3 አጣና አቁም፣ ሁለቱን ዳርና ዳር አንዱን መሐል፤ 50 ሳንቲም ቆፍረህ በድንጋይ ጠቅጥቃቸው። ሁለት ማገር ከላይና ከታች። ሰው የሚሳሳተው ቆርቆሮው በየት በኩል ይመታል የሚለው ላይ ነው። ውሻው ባለበት በኩል ምታው፣ አጣናው በእናንተ በኩል ይቅር። ሲገፋው ቆርቆሮው ማገሩ ላይ ይደገፋል፤ በተቃራኒው ከመታኸው ግን ግፊቱ ሚስማሩን ይነቅላል። የታችኛውን ጫፍ 15 ሳንቲም አፈር ውስጥ ቅበረው፣ በውሻው በኩል ድንጋይ ደርድርበት፣ ጫር ጫር አድርጎ ነው የሚወጣው። ስለቱንም እጠፈው፣ እግሩን ቢቆርጠው ሌላ ክርክር ነው።

በጓሮው በኩል ዞሮ የሚመጣበት ሌላ መተላለፊያ እንዳለ መጀመሪያ አረጋግጥ። የብዙ ቪላ ግቢ በሁለቱም ጎን ክፍት ነው፤ አንዱን ዘግተህ በሌላው ይመጣል። ሮቶውም ጓሮ ስለሆነ ቦዩ እዚያ ሲደርስ ውሻው ወደ ፊት ለፊት መዛወር አለበት። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈለው፦ መጀመሪያ የፊቱን ቆፍረህ፣ ገጥመህ፣ ውኃ ለቀህ ፈትሽና ሙላ። ከዚያ ዘበኛው ባለበት ሰዓት ውሻው ይዛወር። ቦዩን ከዳር እዳር ክፍት አድርገህ ሌሊት ካሳደርከው ደግሞ ውሻው ይገባበታል፣ ዘበኛውም በጨለማ ይወድቅበታል።

የቆርቆሮውን ዋጋ በደረሰኝ ለባለቤቱ አስይዝ።

ጠበቃ_አያት
ስለ ሕጉ ባጭሩ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት ቢያመልጠው ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ። «አይናከስም ነበር» መከላከያ አይሆንም። የሚቀንሰው ወይም የሚያስቀረው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፣ ለዚህም ነው አጥንት መስጠት፣ መምታት፣ ታጥሮ ያለበት መግባት የማይገባው። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ጥያቄ አቅራቢው ልብ ይበል፣ አንተና ባለቤቱ መካከል የሥራ ውል ስላለ ክርክሩ ወደ ውሉ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ውሉ ላይ ይግባ፦ «ሥራ በሚካሄድበት ሰዓት በግቢው ያለ ውሻ በአሠሪው ወጪ በተቆለፈ ስፍራ እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ ባለመደረጉ ሥራ ቢቋረጥ የሠራተኞች የቀን ክፍያ በአሠሪው ይሸፈናል፣ የማስረከቢያ ጊዜውም በዚያው ልክ ይራዘማል። ውሻው ጉዳት ቢያደርስ የሕክምናና ከሥራ የቀረበት ጊዜ ወጪ የአሠሪው ነው።» ረዳትህ ከባለቤቱ ጋር ውል የለውም፤ እሱ በቀጥታ ባለቤቱን መጠየቅ ይችላል።

ጉዳት ከደረሰ የሕክምና ማስረጃ፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኝ፣ በአቅራቢያ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ማስመዝገብ። በሽማግሌ መጨረስ ጥሩ ነው፤ ግን መርፌው ሳያልቅና የውሻው 10 ቀን ሳይሞላ «ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ።

የእንስሳት_ጤና_ቡራዩ
አንድ ረስቼ ነበር። ማታ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢውን አጽዱ። የፒፒአር ቁርጥራጭ ያኝካል፣ ሲውጠው አንጀቱ ላይ ይቆማል። የማጣበቂያ ቆርቆሮ ክዳኑ ይገጠም፣ የተበጠበጠ ሲሚንቶና ኖራ ያለበት ባልዲ ይሸፈን፤ እርጥብ ሲሚንቶ የውሻ መዳፍ ያቃጥላል፣ ሲልሰው ደግሞ አፉን። ውሻው የሚፈታው መሣሪያ ተጭኖ፣ ሰው ተቆጥሮ፣ የውጭው በር ከተዘጋ በኋላ ነው። የረሳችሁት ዕቃ ካለ ለጠዋት ይቆይ።