ክርክር፦ ቡችላ ክትባቷን ሳትጨርስ ደጅ ትውጣ?

ጠያቂዋ (ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ወር ቡችላ አለችኝ። የመጀመሪያ ክትባቷን ከወሰደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። እናቴ "አራት ወር ሳይሞላት ደጅ እንዳታይ" ትላለች። ቡችላዋ ግን የመኪና ጥሩንባ በሰማች ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች። ሳያት ሆዴ ይባባል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቡችላ የሞተችበት፦
እህቴ፣ እናትሽን ስሚ። አምና የእኔን ሰፈራችን ሣር ላይ ለቀቅኳት። በሳምንቱ ማስመለስ ጀመረች፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ፓርቮ ነው አሉኝ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። እኛ ሰፈር ደግሞ ባለቤት የሌለው ውሻ ያልረገጠው ቦታ የለም። የልጆቼ ለቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

የግቢ ውሻ ያሳደገ (ሳሪስ)፦
ሐዘንህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ተዘግቶበት ያደገ ውሻ ምን እንደሚሆንም ልንገርህ። አባቴ ቤት የነበረው ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ ነበር። "ኃይለኛ እንዲሆን" ተብሎ ሰው አላለመዱትም። አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ አገኘና ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ነከሰ። ልጅቷ የእብድ ውሻ ክትባት እየተመላለሰች ወሰደች። ውሻውን ገደሉት። ሌባና ተማሪ እንዴት ይለይ? ማንንም አያውቅም እኮ።

የእንስሳት ሐኪም፦
በመጀመሪያ አንድ ነገር። ውሻ ሲነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻውን አትግደሉት። ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ቡችላ አዲስ ነገር በቀላሉ የምትለምደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ያላየችው ነገር በኋላ ሊያስፈራት ይችላል። ክትባቱ ግን በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይሄዳል። የሚደገመው ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። እሱ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ ክትባቱ እስኪያልቅ ከጠበቅሽ የመልመጃው ጊዜ ያመልጥሻል። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው አቋም፣ ቡችሎች ከመጀመሪያው ክትባት 7 ቀን በኋላ ከሌሎች ጋር መሰልጠን ይችላሉ ብሏል። ያ ግን ለንጹሕ ቦታ ነው፣ ለእኛ ጎዳና አይደለም።

እኔ የምለው ትውጣ፣ መሬት ግን አትርገጥ። በነጠላ ታቀፊያትና ታክሲ ተራውን፣ ባጃጁን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አሳያት። ከተንቀጠቀጠች ራቅ በይና እስክትረጋጋ ጠብቂ። የተከተበ ጤነኛ ውሻ ያለው ዘመድ ካለሽ ግቢው ድረስ ውሰጃት። የእብድ ውሻ ክትባቷን በሦስት ወሯ እንዳትረሺ።

ቡችላ የሞተችበት፦
በእቅፍ ከሆነ እሺ። ሰው ሁሉ ልዳብሳት ሲል ግን እምቢ በይ።

የእንስሳት ሐኪም፦
ልክ ነህ። ፓርቮ በእጅም በጫማም ይመጣል። ቤት የተዘጋባት ቡችላም ልትያዝ ትችላለች። ጫማ በር ላይ ይውለቅ።

ጎረቤት (ውሻ የሌላት)፦
ስለ እኛም አስቡ። ደረጃው የጋራ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ምራቋ ልብሴን ከነካ ሳላጥብ አልሰግድም። ትንሿ ልጄም ውሻ ስታይ ትጮሃለች። ውሻ አይኑር አላልኩም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ያዝ አድርጉልን። ልጄ ቀርባ ማየት ከፈለገች ራሷ ትምጣ እንጂ ወደ እሷ አትግፉብን።

ጠያቂዋ፦
ያልሽውን ፈጽሞ አላሰብኩትም፣ ይቅርታ። የእኛ ብሎክ ውስጥም አንድ ሕፃን አለ፣ ነገ ከመውጣቴ በፊት እናቱን አነጋግራለሁ። ከሥራ መልስ እስከ ታክሲ ተራው አቅፌያት እሄዳለሁ። እናቴ አሁንም አልተስማማችም። ይህን ካነበብኩላት በኋላ ግን የቤቱን ሰው ሁሉ ጫማ በር ላይ እያስወለቀች ነው።