ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ፍጻሜ ነው፣ ነጥቤ እየወረደ ነው፣ ድረሱልኝ!

ሸገር27፦ ሰላም ቤተሰብ። የግሩፓችን «ማን ነኝ?» (በፍንጭ መልሱን ቀድሞ የመገመት ጨዋታ) ፍጻሜ ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ነው። 2ኛ ነበርኩ፣ በሁለት ቀን 9ኛ ገባሁ። ጣቴ ቀርፋፋ ነው መሰለኝ ሁሌ ይቀድሙኛል። ቶሎ የሚጽፍ ኪቦርድ የምታውቁ ባካችሁ ፈጠን በሉ!

ቡና በጨው፦ ጣት ማሟሟቂያ ቂጣ መቁረስ ነው። ቀጥል።

ጉድ ፈላ፦ ስንት ፍንጭ ነው ያለው? ስትሳሳትስ ይቀነሳል? ይህን ሳትነግረን ምን እንበልህ?

ሸገር27፦ ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። 5 ፍንጭ፣ በየ20 ሴኮንዱ አንድ። በመጀመሪያው ከመለስክ 10፣ ከዚያ 8፣ 6፣ 4፣ 2። ከተሳሳትክ 3 ይቀነስና ጥያቄው ይዘጋብሃል። ነጥቡ ቀድሞ ለመለሰ ብቻ ነው። ትናንት ከ12 ጥያቄ 4 አገኘሁ፣ 6 ተሳሳትኩ።

የኔታ፦ ልጄ፣ ጣትህ ምንም አልሆነ። 6 ስህተት 18 ነጥብ ነው፣ ማንም ሳይነጥቅህ ራስህ ነህ ያፈሰስከው። ሒሳቡን እይ። በመጀመሪያው ፍንጭ ሁለት ሰው ጠርጥረህ አንዱን ከጻፍክ፣ ግማሽ ጊዜ 10 ታገኛለህ፣ ግማሽ ጊዜ 3 ታጣለህ፤ በአማካይ 3.5። ጠብቀህ በሁለተኛው ካወቅከው 8 ነው፤ ሌላ ሰው በመሃል የመንጠቁ ዕድል እኩል በእኩል ቢሆን እንኳ 4 ይተርፍሃል። 4 ከ3.5 ይበልጣል። ስለዚህ ጠብቅ።

ጉድ ፈላ፦ የኔታ፣ «ካወቅከው» ያሉት ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ሁለተኛው ፍንጭ ሁለቱን ካልለየለትስ? ያኔ 8 ሲደመር 3 ሲቀነስ በአማካይ 2.5፣ ከመነጠቁ ጋር 1.25 ይሆናል። በ3.5 መጻፍ ይሻለው ነበር። መጠበቅ የሚያዋጣው ቀጣዩ ፍንጭ ይለያል ብለህ ስታምን ነው።

የኔታ፦ ልክ ነህ። ለሁለት ተጠርጣሪ ልዩነቱ ጠባብ ነው። በመጀመሪያው ፍንጭ የመጻፉ አማካይ ሦስት ሲሆኑ ግን 1.3 ገደማ፣ አራት ሲሆኑ 0.25 ነው።

አዲስ ገቢ፦ ኪቦርድ ቀይር ወንድሜ።

የበቆጂ ንፋስ፦ የአራቱን ጣጣ በምሳሌ ላሳይህ። «በ10,000 ሜትር ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ» ሲባል ሰው ሁሉ ኃይሌ ብሎ ይጽፋል። ኃይሌ (1996፣ 2000) ብቻ አይደለም፤ ደራርቱ (1992፣ 2000)፣ ቀነኒሳ (2004፣ 2008)፣ ጥሩነሽም (2008፣ 2012) አሉ። ኢትዮጵያውያኑ ብቻ አራት ናቸው፣ አትንካው! አሁን ግሱን እይ። «ያገኘች» ካለ ሁለት ቀሩህ። ብልጥ ጠያቂ «ያገኙ» ብሎ በአክብሮት ይደብቅብሃል፣ ያኔ ጾታው አይታወቅም። «በተከታታይ» ካለ ደራርቱ ትወጣለች፣ በመሃል አትላንታ አለ። «ከበቆጂ» ግን ያታልላል፤ ኃይሌን ብቻ ነው የሚያስወጣው፣ እሱ የአሰላ ነው። ወረቀት ይዘህ ስሞቹን ጻፍና በየፍንጩ ሰርዝ። አንድ ሲቀር ጻፍ።

ሸገር27፦ ኧረ እኔ ትናንት ኃይሌ ብዬ ነው የወደቅኩት 😭 መልሱ ደግሞ ቀነኒሳ!

ቡና በጨው፦ ንፋሱ ገጥሞሃል።

ወይዘሮ ፊደል፦ ከተሳሳትካቸው ውስጥ መልሱን አውቀህ ያልተቀበለህ አለ? «ኃይሌ ገብረሥላሴ» ተብሎ የተሞላ መልስ «ሃይሌ ገብረስላሴ» ሲጻፍለት የማይቀበል ቦት (መልስ የሚያርመው ፕሮግራም) ብዙ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለማሽኑ የተለያዩ ናቸው። ክፍተትም ይቆጠራል፣ «ገብረ ሥላሴ» ሌላ መልስ ነው። ከመጀመሩ በፊት አዘጋጁን «በየትኛው ፊደል ነው የሞላችሁት?» ብለህ ጠይቀው። ፍንጩ የመልሱን ፊደላት ብዛት በባዶ ቦታ ካሳየ ቁጠር፤ ግን ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አክሱም ሁሉም 4 ፊደል መሆናቸውን አትርሳ። እነሱን የሚለያቸው ዓመት ነው፤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ላሊበላ በ1978፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1979፣ አክሱም በ1980፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.።

ሸገር27፦ 2ቱ እንደዚህ ነበሩ!! ኃይሌን ሳይሆን ሌላ ሰው በ«ፀ» ጽፌ። አመሰግናለሁ እትዬ።

የኔታ፦ ዓመት ከተነሳ፣ አቆጣጠሩን ሳታጣራ አትጻፍ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። አንድ ቀን ቢያልፍ 1953 ይባል ነበር። ከእ.ኤ.አ. ዓመት ላይ፣ ከእኛ መስከረም 1 በፊት 8፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ቀንስ።

ጉድ ፈላ፦ ጥያቄውን አልመለሳችሁለትም እኮ። ሸገር፣ በጂቦርድ (የጎግል ኪቦርድ) ማስተካከያ ውስጥ የግል መዝገበ ቃላት አለ። ስሙን በትክክለኛ ፊደል ጻፍ፣ አቋራጭ ስጠው፤ «ኃገ» ስትል «ኃይሌ ገብረሥላሴ» ከላይ ይመጣልሃል፣ ነካ ማድረግ ነው። ዛሬ 30 ስም ብታስገባ ይበቃል። መርተህ ከሆነና ጥቂት ጥያቄ ከቀረ ደግሞ አንድ ስም እስኪቀር አትንካ፤ ከኋላ ከሆንክ ሁለት ሲቀሩም ጻፍ፣ የምታጣው የለም።

አዲስ ገቢ፦ እኔም ኪቦርድ ብዬ ነበር።

ሸገር27፦ እያስገባሁ ነው፣ 14 ደርሻለሁ። መጥቼ እነግራችኋለሁ።

ቡና በጨው፦ 4:20 ሆነ። ሸገር፣ አራት ፍንጭ አልፏል፣ ብትመጣም 2 ነጥብ ነው የቀረህ።